ማርቸዲስ በካርቱም፦ ያገለገለ የክብር መኪና የጥገና ታሪክ

የክብር መኪና ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በሽያጭ ውሉ ላይ የሚሰፍረው ሲሆን፣ መኪናው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር እየወረደ ይሄዳል። ሁለተኛው በጋራዥ ደብተር ላይ የሚጻፈው የመለዋወጫና የእጅ ዋጋ ነው፤ ይህኛው ከመኪናው ጋር አብሮ አያረጅም። አዲስ ሳለ ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ ይዞት የነበረ ማርቸዲስ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ በመምህር ወይም በአነስተኛ ነጋዴ እጅ ሲወድቅ፣ የተሸጠው በመምህሩ አቅም ቢሆንም የሚጠገነው በባለጸጋው ዋጋ ነው። ይህ በየትኛውም አገር ያለ እውነት ነው። በካርቱም ግን ሁለተኛውን ዋጋ የሚተምነው ፋብሪካው ብቻ አልነበረም፤ ሙቀቱና አቧራው፣ የአሜሪካ ማዕቀብ፣ የሱዳን ፓውንድ መውደቅ፣ በመጨረሻም ጦርነቱ እጃቸውን አስገብተውበታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርቱም ከመኪና ጋር የተዋወቀችው በእንግሊዞች ዘመን በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ የክብር መኪኖቿም የእንግሊዝ ነበሩ። ቀድሞ የእንግሊዞች ካቴድራል በነበረው ሕንፃ ውስጥ የተቋቋመው የሪፐብሊኩ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ከጦርነቱ በፊት ለጎብኚ ያሳያቸው ከነበሩት ቅርሶች መካከል፣ ሮልስ ሮይስን ጨምሮ፣ የገዢዎችና የፕሬዚዳንቶች መኪኖች ይገኙ ነበር። በጎዳናው ላይ ደግሞ ታክሲው ሂልማን፣ የጭነት መኪናው ቤድፎርድ ነበር። ሱዳን በ1956 ነፃነቷን ካወጀች በኋላም ይህ ልማድ ወዲያው አልተለወጠም፤ መካኒኩ የተማረው በእንግሊዝ መኪና፣ መፍቻውም በኢንች የተለካ ነበርና።

ለውጡ የመጣው በኒሜሪ ዘመን ነው። በ1970 የእንግሊዝ ባንኮችና የንግድ ድርጅቶች ተወረሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 2 ቀን 1973፣ ሱዳን ከግራ ወደ ቀኝ የመንገድ ጠርዝ ተሻገረች። (ኢትዮጵያ ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው ጁን 8 ቀን 1964 ነበር።) መሪያቸው በቀኝ በኩል የሆነ የእንግሊዝ መኪኖች በአንድ ጀምበር የማይመቹ ሆኑ፤ ለመቅደም የሚፈልግ አሽከርካሪ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው «መንገዱ ነፃ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ፤ በሺህ የሚቆጠር ሱዳናዊ መምህር፣ ሐኪም፣ መሐንዲስና ሠራተኛ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ጎረፈ። ያ ስደተኛ ሲመለስ ከሻንጣው ጋር የሚያመጣው ትልቁ ንብረት መኪና ሆነ። መሪው በግራ፣ ማቀዝቀዣው ለበረሃ የተዘጋጀ፣ አንድ የጅዳ ወይም የሪያድ ባለቤት ጥቂት ዓመታት ነድቶት የተወው መኪና።

የማርቸዲስ ስም በዚህ ከተማ የጸናው በሁለት ሞዴሎች ነው ቢባል ብዙ የሚያከራክር አይሆንም። ጋራዡ በስማቸው ሳይሆን በሻንሲ ቁጥራቸው ይጠራቸዋል፤ 123 እና 126 ይላቸዋል። 123 ከ1976 እስከ 1986 ድረስ 2.7 ሚሊዮን ያህል የተመረተ፣ ከሞሮኮ እስከ ሊባኖስ ታክሲ ሆኖ ያገለገለ መኪና ነው። 126 ደግሞ ከ1979 እስከ 1991 የተሠራው ትልቁ የክብር ሞዴል ሲሆን፣ የመሪዎች መኪና ሲባል በአብዛኛው ሰው ዐይን ላይ የሚመጣው እርሱ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ከነፃነት በኋላ የተፈጠረውን አዲስ የሹማምንት መደብ «ዋቤንዚ» ማለትም «የቤንዝ ነገድ» ብለው እስከ መጥራት የደረሱት በዚህ ኩባንያ መኪና ምክንያት እንደ ነበር ይታወቃል።

እነዚህ ሁለት መኪኖች አይበላሹም ማለት አይደለም። የ126 ስምንት ሲሊንደር ሞተር የካምሻፍት ሰንሰለቱን የሚመራው በፕላስቲክ ሐዲድ ላይ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ይደርቃል፤ ደርቆ ሲሰበር ስባሪው በሰንሰለቱ ውስጥ ይገባና ሞተሩን ለከፍተኛ ጉዳት ይዳርገዋል። በሩን የሚቆልፈው የአየር መምጠጫ ቱቦ ይሰነጠቃል፤ የማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር ይደክማል፤ የሞተር መቀመጫ ጎሚኒው ይበጠሳል። እዚህ ላይ የካርቱም አየር ከአውሮፓው ጋር ተቃራኒ የሆነ ጠባይ አለው። በጀርመን መኪናን የሚገድለው ዝገት ነው፤ በረዶን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ላሜራውን ይበላዋል። በካርቱም ደረቅ አየር ላሜራው ከሠላሳ ዓመት በኋላም ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣው ሙቀት ግን ጎሚኒን፣ ፕላስቲክንና የሽቦ ልባስን ያደርቃል፣ ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበልም ወደ ማጣሪያውና ወደ ኩሽኔታው ይገባል። በመሆኑም ከውጭ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ መኪና ከውስጡ ያለቀ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ገዢም የሚታለለው በዚሁ ነው።

ቁም ነገሩ ግን የ123 እና የ126 ሕመም በመፍቻ የሚደረስበት፣ በዐይን የሚታይና በጆሮ የሚሰማ መሆኑ ነው። የሰንሰለቱን ሐዲድ መለወጥ አድካሚ ሥራ ቢሆንም ልምድ ያለው መካኒክ ያለ ኮምፒዩተር ይሠራዋል፤ የቀጠነ ቱቦ በሌላ ቱቦ ይተካል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስደት መጥተው በካርቱም ጋራዦች የተቀጠሩ ባለሙያዎችም ሙያቸውን ይዘው መግባት የቻሉት ስለዚህ ነው። የተቸገሩት በቋንቋው ነበር። የአማርኛው ጋራዥ የጣሊያን ልጅ ነው፤ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ ይላል። የሱዳኑ ወርሻ ግን ብዙ ቃላቱን ከእንግሊዝ ወስዶ በዐረብኛ አንደበት ያዞራቸው ነው፤ መለዋወጫ «እስቢር» ይባላል፣ ጎማውም «ሊስቲክ»። ሁለቱን ቋንቋዎች ያለ ትርጉም የሚያገናኛቸው ቃል ደላላ ነው። አማርኛው ቃሉን ከዐረብኛ ተውሶታል፤ በካርቱምም ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ሜዳ «ዲላላ» ይባላል።

በ1991 የጸደይ ወራት ማርቸዲስ 140 የተባለውን አዲሱን የክብር ሞዴል አወጣ። የዐረቡ ዓለም «ሸበሕ» ማለትም «መንፈስ» ብሎ ሰየመው። መስታወቱ ድርብ፣ በሩ ገፋ ሲያደርጉት ራሱን ስቦ የሚዘጋ፣ ዝምታው የሚያስደንቅ መኪና ነው። በዚህ መኪና ውስጥ ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ የሕመም ዓይነት ገባ። በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በተመረቱት ላይ የሞተሩ ሽቦዎች ልባስ በሙቀት እየደረቀ የሚፈረፈር ሆኖ ተገኘ። ሽቦው ሲራቆት እርስ በርሱ ይነካካል፤ መኪናው ይንተፋተፋል፣ በድንገት ይጠፋል፣ ከዚህም አልፎ ውድ የሆነውን የሞተር መቆጣጠሪያ ሳጥን ያቃጥላል። በሽተኛው አንድ ሽቦ ሳይሆን ጠቅላላው የሽቦ ጥቅል ነበር። የማቀዝቀዣው ነገርም እንዲሁ ነው። በዳሽቦርዱ ሥር የተቀበረው ኢቫፖሬተር ሲያፈስ ዕቃው ራሱ የሚጠይቀው ገንዘብ አንድ ነገር ሆኖ፣ እርሱን ለማውጣት ዳሽቦርዱን በሙሉ መንቀል ያስፈልጋል፤ የብዙ ቀን ሥራ ነው። ማቀዝቀዣ በሙኒክ ምቾት ሊባል ይችላል። በሜይ ወር በካርቱም፣ መስታወቱ ድርብ በሆነ መኪና ውስጥ፣ ያለ እርሱ መንዳት አይቻልም።

የ140 መወለድ ከክፉ ጊዜ ጋር ገጠመ። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር የሱዳን መንግሥት ወደ ኢራቅ በማዘንበሉ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር ተቃቃረ፤ ብዙ ሱዳናውያንም ሥራቸውን ትተው ለመመለስ ተገደዱ። ኖቬምበር 1997 አሜሪካ በሱዳን ላይ ጠቅላላ የንግድ ማዕቀብ ጣለች፤ ይህም እስከ ኦክቶበር 2017 ድረስ ጸንቶ ቆየ። ጀርመን ማርቸዲስ ለሱዳን እንዳትሸጥ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ የዶላር ክፍያ የሚያልፍበት የባንክ መንገድ ግን እየጠበበ ሄደ። በ2014 የፈረንሳዩ ቢ ኤን ፒ ፓሪባ ባንክ ማዕቀቡን ጥሶ ለሱዳንና ለሌሎች አገሮች ገንዘብ በማዘዋወሩ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ሲጣልበት፣ የቀሩት ባንኮች ከካርቱም ጋር መጻጻፍን ራሱን ፈሩ። ስለዚህ ዕቃው በዱባይና በሻርጃ በኩል፣ በነጋዴ ሻንጣና በመርከብ ኮንቴይነር፣ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያለፈ ይመጣል፤ እያንዳንዱ እጅ ትርፉን ይጨምርበታል። አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው ሦስት ካርቶኖች መካከል የትኛው የፋብሪካው፣ የትኛው ቅጂ፣ የትኛውስ ከተጋጨ መኪና ተፈትቶ የታጠበ እንደሆነ ለመለየት የነጋዴውን ቃል ከማመን በቀር መንገድ አልነበረም።

ሱዳን በኦገስት 1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች፤ ካርቱምም ለዐሥር ዓመት ያህል የግንብና የአዲስ መኪና ከተማ ሆነች። በዚህ ዘመን ነው 220 የተባለው የክብር ሞዴልና 211 የተባለው መካከለኛው ማርቸዲስ መንገዱን የያዙት። 220 የሚቆመው በብረት ሞላ ላይ ሳይሆን በአየር በተሞላ የጎሚኒ ከረጢት ላይ ነው። ከረጢቱ አዲስ ሳለ መንገዱን ምንጣፍ ያስመስለዋል። ሲያረጅ ግን ይሰነጠቅና ያፈሳል፤ አየሩን የሚሞላው ኮምፕረሰር የፈሰሰውን ለመተካት ያለ ዕረፍት ሲሠራ እርሱም ይቃጠላል፤ ስለዚህ አንዱን ከረጢት በጊዜው ያልለወጠ ሰው ሁለት ዕቃ ይገዛል። ዲላላ ሜዳ ላይ ብልህ ገዢ መኪናውን በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ለማየት የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ 220 በአንድ ማዕዘኑ ተንበርክኮ ከተገኘ ስለ ዋጋው መነጋገር የሚጀመረው ከዚያ ላይ ነው።

የ211 ነገር ደግሞ ፍሬኑ ነው። በ2002 ሲወጣ ፍሬኑን የሚያዝዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፖምፓ ነበር፤ ፖምፓው የተረገጠበትን ጊዜ ይቆጥራል፣ የተወሰነለት ቁጥር ሲሞላም «ይቀየር» የሚል ማስጠንቀቂያ ያበራል። ኩባንያው በ2004 ወደ 680,000፣ በ2005 ደግሞ 1.3 ሚሊዮን መኪኖችን ለእርማት ጠርቶ፣ በ2006 ይህን ፍሬን ከ211 ላይ ጨርሶ አነሣው። በአሜሪካ ያሉ ባለቤቶች ለዚህ ዕቃ የረዘመ ዋስትና አግኝተዋል። መኪናውን ከሦስተኛ እጅ የገዛው የካርቱም ሰው ግን ዋስትና የሚጠይቅበት በር አልነበረውም፤ ፖምፓውንም ባትላሜራም ሆነ ቀጥቃጭ ሊሠራለት አይችልም። በእነዚህ ዓመታት ከተሠሩት ብዙ ማርቸዲሶች ጋር የመጣው አውቶማቲክ ካምቢዮም የራሱ ተንኮል አለው። ዘይቱ «የዕድሜ ልክ» ተብሎ የተሸጠ በመሆኑ ብዙዎች ሳይቀይሩት ይኖራሉ፤ ደግሞም ከካምቢዮው ጎን ያለችው ትንሽ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ስታፈስ ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየሳበ ወጥቶ የካምቢዮውን ኮምፒዩተር ይደርስበታል። የመሰኪያዋ ጎሚኒ ርካሽ ነው። በጊዜ ያላያት ግን የሚከፍለው የኮምፒዩተሩን ዋጋ ነው።

የጃፓኑ ተፎካካሪ ከዚህ ነፃ ነው የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነት ነው። በ1989 የወጣው ሌክሰስ ኤል ኤስ 400 በባሕረ ሰላጤው በኩል ወደ አካባቢያችን ደርሶ በጥንካሬው ስም አትርፏል። ይሁንና የመሪው ፖምፓ ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር የሚንጠባጠበው ከሥሩ ባለው ዲናሞ ላይ ነው። ሞተሪኖውም ከሞተሩ ራስ በታች፣ በአየር ማስገቢያው ሥር ተቀብሮ ስለሚገኝ፣ የአንድ ተራ ቶዮታን ሞተሪኖ ለመለወጥ ከሚበቃው ጊዜ ብዙ እጥፍ ይፈጃል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ከሞተር ውስጥ የማይገኘው ጉዳይ ነው። ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ካርቱም ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን አጣች። በውጭ ገበያ 1,000 ዶላር የሚጠራ አንድ ዕቃ ለምሳሌ ይወሰድ። በመገንጠሉ ጊዜ በነበረው የመንግሥት ምንዛሪ ዋጋው 2,700 ፓውንድ ገደማ ነበር። በ2012 ምንዛሪው 4.4 ሲሆን 4,400 ፓውንድ፣ በ2013 መጸው ደግሞ 5,700 ገባ። በ2018 መጀመሪያ 18,000፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 47,500 ሆነ። ፌብሩዋሪ 2021 መንግሥት ፓውንዱን ወደ ገበያው ሲያስጠጋ 375,000 ደረሰ። ይህ የመንግሥቱ ዋጋ ነው፤ የመለዋወጫ ነጋዴው ግን ዶላር የሚገዛው ከጥቁር ገበያ ስለነበር ሂሳቡ ከዚህም ይብስ ነበር። ዕቃው ያው ዕቃ፣ መኪናው ያው መኪና ነው፤ ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግን የጥገናው ዋጋ በፓውንድ ከመቶ እጥፍ በላይ አደገ። ደመወዝ በዚህ ፍጥነት እንዳላደገ ለካርቱም ነዋሪ መንገር አያስፈልግም።

አንባቢ «ታዲያ ለምን አይሸጡትም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በዚያው ምንዛሪ ውስጥ ነው። ፓውንዱ በየወሩ በሚቀልጥበት አገር ገንዘብን በባንክ ማስቀመጥ እንደ በረዶ በእጅ መያዝ ነው። መሬት መግዛት ያልቻለ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው ቁጠባውን በመኪና ላይ አኖረ፤ መኪናው ቢቆምም፣ ቢሰበርም፣ በፓውንድ የሚጠራው ዋጋ ይወጣል እንጂ አይወርድም ነበር። ስለዚህ በየቤቱ ደጃፍ ጎማው ረግቦ አቧራ የለበሰው ማርቸዲስ ባለቤቱ የረሳው ንብረት አልነበረም፤ ለልጅ ሠርግ ወይም ለሐኪም ቤት የተቀመጠ ጥሪት ነበር። ጥገናውን የሚያዘገየው አቅም ማጣት ብቻ ሳይሆን ይህ ሂሳብ ጭምር ነው፤ ለመንዳት ካልሆነ ለምን ይጠገናል? በሌላ ወገን ከ2011 በኋላ ከሊቢያ በዳርፉር በረሃ በኩል ቀረጥ ያልተከፈለባቸው መኪኖች ይጎርፉ ጀመር። ሕዝቡ በፌዝ «ቦኮ ሐራም» አላቸው። ዋጋቸው ርካሽ፣ ወረቀታቸው ግን የሌለ ነበር፤ በ2017 መንግሥት በዳርፉር የጦር መሣሪያ የማሰባሰብ ዘመቻ ሲጀምር እነርሱም በዘመቻው ውስጥ ተጠቃለሉ።

ጋራዡ ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ መኪናውን ወደ ኋላ መመለስ ነበር። ገንዘብ በጠፋበት አገር ሁሉ እንደሚደረገው፣ የ220 የአየር ከረጢት ይወጣና በቦታው የብረት ሞላ ይገባል፤ በመሪው ፊት የሚበራው የማስጠንቀቂያ መብራትም ችላ ይባላል። የ140 የሽቦ ጥቅል በአዲስ ከመለወጥ ይልቅ አንድ በአንድ በእጅ ይለበሳል። ይህን አሠራር ኩባንያው አይወደውም፤ የአውሮፓ ባለሙያም ሊስቅበት ይችላል። በሚዛን ሲታይ ግን ሞላ የገባለት 220 የቀድሞ ምቾቱን ያጣ እንጂ በቤተሰቡ አቅም የሚኖር መኪና ነው። መወቀስ ያለበት የፍሬኑ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ «ለጊዜው ይሠራል» የሚባል ጥገና የሰው ሕይወት የሚያስከፍል በመሆኑ፣ ገንዘብ የሌለው ባለቤት መኪናውን ማቆም ነበረበት።

በአዲስ አበባ ታሪኩ በሌላ በር ገብቶ እዚያው ይደርሳል። የመርካቶው ሱማሌ ተራ ለካርቱም መለዋወጫ ገበያ ወንድም ነው፤ በዚያም የተፈታ ዕቃ እንደ አዲስ ይፈለጋል። ልዩነቱ ከፍተኛው ግድግዳ የቆመው በጉምሩክ በር ላይ መሆኑ ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ መኪናው ባረጀ ቁጥር ግብሩ እንዲከብድ አድርጓል፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በውጤቱ የ1980ዎቹ ቶዮታ ዲ ኤክስ በአዲስ አበባ የሚከበረውን ያህል፣ ያረጀ 220 ተከብሮ አያውቅም። ሰው የሚያምነው ዕቃው በየሱቁ የሚገኝለትን መኪና ነው።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ ይህ ሂሳብ ሁሉ በአንድ ሳምንት ተገለበጠ። ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የወጡበት የገላባትና የመተማ መንገድም አጭር አይደለም። የቤንዚን ዋጋ በየሰዓቱ ይወጣ ነበር። ለዓመታት እንደ ጥሪት የቆመው መኪና በዚያ ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረበለት፤ ይነሣል ወይስ አይነሣም? ያልተነሣው በደጃፉ ቀረ። ከቀሩት መካከል በሺህ የሚቆጠሩት ተዘረፉ፤ ሊነዱ ያልቻሉት ደግሞ ቆመውበት ሳሉ ተበለቱ፣ ባትሪያቸው፣ ጎማቸው፣ ሞተራቸው ወጣ። ማርች 21 ቀን 2025 ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘና በሜይ ወር ከተማይቱ ነፃ ወጣች ከተባለ በኋላ፣ ተመላሾች በየመንገዱ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ የተቃጠሉና ውስጣቸው የተራቆተ መኪኖች፣ ላሜራቸው ብቻ በደረቁ አየር ሳይዝግ የቀረ።